ካሜራ የያዘች ልጅ ቤተ መጻሕፍት ምን ትሠራለች?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ጓዳ ጉዳይ እንጨዋወታለን። ዛሬ ደግሞ ለብዙ እናቶች እንግዳ በሚመስል፣ ነገር ግን የማንኛችንንም ቤት ሳያንኳኳ በማያልፍ ጉዳይ ላይ እንነጋገር። ጉዳዩም በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ የአካባቢያቸውን ኑሮ በፊልም ቀርጸው እንዲያሳዩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምን ሊያግዛቸው ይችላል የሚለው ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ በኩል ወደ አምቦ የተጓዘ ሰው ጊንጪን ሳያይ አያልፍም። ጊንጪ በምዕራብ ሸዋ ዞን የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የጭሊሞ ደን አለ፤ ይህ ደን በማዕከላዊው የአገራችን ደጋ ተመናምነው ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ወረዳው ስሙን በሚጋራው ተራራ አናት ላይ ደግሞ ሁለት ክብ ውሃዎች ተያይዘው የስምንት ቁጥርን ቅርጽ የሠሩበት የደንዲ ሐይቅ ይገኛል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደዚህ አካባቢ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሰው በርክቷል። ጎረቤቱ ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ከተመረጠ ወዲህ ሐይቁ፣ ፈረሱና አረንጓዴው ተራራ በየስልኩ ይታያል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጭራሮ ለቅማ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ቁልቁለቱን የምትወርደው ሴት በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ብትገኝ እንኳ የሥዕሉ ጌጥ ሆና እንጂ ተናጋሪ ሆና አይደለም። የእርሷን ነገር በራሷ ቋንቋ ጠይቆ፣ በትዕግሥት አዳምጦ፣ ክብሯን ሳይነካ የሚቀርጸው ማን ነው? ከአላፊ አግዳሚው ይልቅ የገዛ ልጇ ወይም የጎረቤቷ ልጅ አትሻልምን?

ዕድሜ የማይጠብቅ ተሰጥዎ

የአምቦ አካባቢ ወጣት የጥበብን ሥራ ለመጀመር ዕድሜው እስኪጎለምስ እንደማይጠብቅ አብነት አለን። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለው ሥፍራ ተወለዱ። ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዳዮኒሲዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚተርክ ቲያትር ጽፈው፣ ቲያትሩ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታይቶላቸዋል። በዚያን ዘመን ልጁ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ፣ የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚያበረታታው መምህርና የሚያሳይበት መድረክ ነበር። ዛሬም ቢሆን የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ የተጨመረ ነገር ቢኖር ካሜራው ብቻ ነው።

በፊልም ረገድም ስማቸው ከአገር አልፎ የተሰማው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ያደጉት ጸሐፊና የቲያትር ሰው ከነበሩት ከአባታቸው ከገሪማ ታፈረ ጋር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልማቸው የተቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሲሆን፣ በፊልሙ የሚታዩት ሰዎች አብዛኞቹ የተዋናይነት ሙያ ያልነበራቸው ናቸው። ገንዘቡና ጊዜው ጥቂት ነበር፤ የሚነገረው ነገር ግን ብዙ ነበር። ኋላም በዋሽንግተን ከተማ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ከባለቤታቸው ጋር ሳንኮፋ የተባለውን መደብር ሲከፍቱ መጽሐፍንና ፊልምን በአንድ ጣራ ሥር አኖሩ። ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በተግባር አሳዩ ማለት ይቻላል።

ከሴቶች ወገን ብንሄድ ደግሞ ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ አሉልን። በቀይ ሽብር ዘመን የጠፉባቸውን የወንድማቸውንና የቅርብ ጓደኛቸውን ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በዘጋቢ ፊልም ተርከዋል። ከቅርቦቹም ቅድስት ይልማ «ረቡኒ» የተባለውን ፊልም በዳይሬክተርነት መርታ ለተመልካች አቅርባለች። ስለዚህ «ካሜራ የወንድ ዕቃ ነው» የሚል ሰው ቢኖር መልሱን ከእነዚህ ሴቶች ሥራ ያገኛል።

አዲስ አበባ ያየችው ሙከራ

ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ፊልም እንዲሠሩ የመርዳቱ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ድህነት ያጠቃቸውን መንታ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ለመደገፍ የሕፃናት ሐኪም በሆኑት በዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ የተመሠረተው የጀሚኒ ድርጅት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከዕለት እርዳታ አልፎ ወጣቶቹን ወደ ጥበብ መራቸው። አንዳንዶቹ አዱኛ በተባለው የዳንስ ቡድን ታቀፉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የቪዲዮ ሥራ ተምረው ጌም ቲቪ በሚል ስም ፊልም አዘጋጆች ሆኑ። ነገሩ የጀመረው መንታ ወልዳ የምታጠባው ከተቸገረች እናት ነው፤ የደረሰው ግን ልጁ ካሜራ ይዞ የሰፈሩን ኑሮ እስከሚያሳይበት ድረስ ነው።

ከዚህ በኋላም መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ስትጀምር ሥራው በቤት ውስጥ፣ በአሻንጉሊት የተጀመረ እንደ ነበር ይታወቃል። ይህ ሥራዋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አስገኝቶላታል። ቀጥሎም ድርጅቷ «ጥበብ ገርልስ» በተሰኘው የካርቱን ፊልም ሦስት ልጃገረዶችን ጀግና አድርጎ ስለ ወር አበባና ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ በግልጽ እንዲነገር አድርጓል። በብዙ ቤት እናትና ልጅ ተፋፍረው የማይነጋገሩበትን ጉዳይ ፊልም አነጋገረው።

ቤተ መጻሕፍትና ፊልም ምን አገናኛቸው?

አንዳንዱ «ቤተ መጻሕፍት የጸጥታ ቦታ ነው፤ ካሜራና ጫጫታ ምን ሊሠሩ ይገባሉ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ቤተ መጻሕፍት ለምን እንደተቋቋመ ማስታወስ ይበቃል። በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ሲከፈት የታሰበው መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው እንዲያነብ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ፊደል የቆጠረው ገበሬና የቤት እመቤት ያነበበውን እንዳይረሳ በየገጠሩ የንባብ ቤቶች እንዲከፈቱ ምክንያት ሆኗል። ሐሳቡ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ይኸውም ብቻውን ገዝቶ ሊጠቀምበት የማይችለውን መሣሪያ ሕዝቡ በጋራ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። ትናንት ያ መሣሪያ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተርና ካሜራም ተጨምረውበታል።

በሌላው ዓለም ይህን አስቀድመው የተገነዘቡ አሉ። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብቻ የሚሆን ዩሚዲያ የተባለ ክፍል ከፈተ። ወጣቶቹ ካሜራና ኮምፒውተር በነፃ ይጠቀማሉ፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎችም አጠገባቸው ሆነው ያሳዩአቸዋል። የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ደግሞ በ2018 በከፈተችው ኦዲ በተባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመጽሐፉ ጎን የቪዲዮና የድምፅ መቅረጫ ክፍሎች፣ የልብስ ስፌት መኪናም ሳይቀር ለሕዝብ አቅርባለች።

ይህን ስንል በየወረዳው ኦዲን የመሰለ ሕንፃ ይሠራ ማለታችን አይደለም። አዲስ አበባ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አብርሆትን የመሰለ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አግኝታለች፤ የወረዳ ከተማ ግን በአቅሟ ነው የምትጀምረው። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሥራቸውን ትተው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ የተጠቀሙት በመኖሪያ ቤታቸው ነበር። አዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፉን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱት። ትልቅ ሕንፃ አልጠበቁም። የቤተ መጻሕፍት ሥራ ከሕንፃው ይልቅ በሰው የሚቆም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የእናት ሥጋት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ «እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ፊልም ልማር ልሄድ ነው» ብትል እናቷ ምን ትላለች? ሥጋቷን ከወዲሁ መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው ሥጋት የትምህርቷ ነገር ነው። ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ አለ ቢባል 5.4 በመቶ ነው። እንዲህ ብዙ ልጅ በሚወድቅበት ጊዜ «ፊልም» የሚል ቃል የሰማ ወላጅ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፊልም በደንብ ሲያስተምሩት ምን እንደሆነ እንመልከት። አንድ ደቂቃ ለሚታይ ፊልም ልጅቷ ስለ ጉዳዩ ታነባለች፤ ጥያቄ አዘጋጅታ ትጠይቃለች፤ የሰማችውን ትጽፋለች፤ ጽሑፏንም ደጋግማ ታርማለች። ካሜራው የሚከፈተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በደንዲና በአምቦ ዙሪያ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ ልጅቷ በኦሮምኛ ቀርጻ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ብታወጣለት ሦስት ቋንቋ ሠራች ማለት ነው። ይህ ከማንበብና ከመጻፍ ምን ይለያል?

ሁለተኛው ሥጋት የስልኩ ነገር ነው። ልጆቻችን ቲክ ቶክ ላይ ሲያመሹ እናያለን፤ ያሳስበናልም። ይሁን እንጂ ስልኩን ነጥቆ መደበቅ ለአንድ ሳምንት ይሠራ እንደሆነ እንጂ ለዓመት አይዘልቅም። የሌላውን ሥራ ስታይ የምትውለው ልጅ የራሷን ሥራ እንድትሠራ ብትደረግ፣ የምታየው ቪዲዮ እንዴት ተቆርጦ እንደተቀጠለ ታውቃለች። የአሠራሩን ምሥጢር ያወቀች ልጅ ደግሞ በቀላሉ አትታለልም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ በአደባባይ የማይነገረው ሥጋት «ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር ካሜራ ይዛ ስትዞር ሰው ምን ይላል?» የሚለው ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በማን እንደሚመራ የማይታወቅ ስቱዲዮ ወይም የግለሰብ ቤት አይደለም፤ በሩ ክፍት የሆነ፣ ኃላፊው የሚታወቅ፣ እናት በፈለገችው ሰዓት ገብታ የምታየው የሕዝብ ቦታ ነው። ትምህርቱ በቀን ብርሃን ተጀምሮ ሳይመሽ እንዲያልቅ፣ አንዲት መምህርት ወይም እናት አብራ እንድትገኝ ከተደረገ ሥጋቱ በጣም ይቀላል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለእናቶችም አንድ ጥያቄ ይቅረብልን። ወንድሟ ቅዳሜ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ የማንጠይቀው ለምንድን ነው? ውሃው፣ እንጀራ ጋገራውና ታናናሾቹን መጠበቁ የእርሷ ብቻ ሆኖ ከቀረ ቤተ መጻሕፍቱ ቢከፈትላትም አትደርስበትም። ሁለት ሰዓት ያህል ከሳምንቱ ቆርጦ ሥራዋን ለወንድሟ ማካፈል የሚችለው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

በምን ይጀመራል?

ሥራውን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ አንድ ወይም ሁለት ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ስልኩን የሚያቆም ስታንድና ድምፅ የሚያሰማ ስፒከር ይበቃል። ስታንድ ባይኖር መጽሐፍ ደርድሮ ስልኩን ማስደገፍ ይቻላል።

አንድ ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ በስልክ ውስጥ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ ከመቀረጹ በፊት ምን እንደሚቀረጽ መወሰን ይገባል። ስለዚህ ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት ታሪኩን በአሥር መስመር ይጻፉ፤ በሁለተኛው እያንዳንዱን ትዕይንት በወረቀት ላይ በትናንሽ ሣጥን ይሣሉ፤ በሦስተኛው ይቅረጹ፤ በአራተኛው በኮምፒውተር ይቀጥሉት። ለመቀጠያ የሚያገለግሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። የቀረጹትን በኢንተርኔት ከመላክ ይልቅ በሚሞሪ ካርድ ማዘዋወር ወጪን ይቆጥባል።

ለጀማሪ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። ስልኩ በአግድም ይያዝ፤ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ክርን በጠረጴዛ ወይም በግድግዳ ላይ ይደገፍ። የሚቀረጸው ሰው ፊቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዙር፤ መስኮቱ ከጀርባው ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። የደጋው ነፋስ ድምፅን ስለሚያበላሽ ንግግር ከተቻለ ከግድግዳ ጥግ፣ ከተናጋሪውም ቀረብ ብሎ ይቀረጽ። ተመልካች የደበዘዘ ሥዕልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም።

የሚቀረጸው ጉዳይ ሩቅ አይደለም። አያት ስለ ሠርጓ የምታስታውሰው፣ የጠላው ጥንስስ፣ ከጭሊሞ ደን የሚገኘው መድኃኒት፣ የሽማግሌዎች እርቅ ሁሉ የፊልም ጉዳይ ነው። በ1966 ዓ.ም. የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የተባለው ፊልም የተመሠረተው ደም የሚደርቅበትን የእርቅ ልማድ ይዞ ነው። ዛሬ የአገራችን የፊልም ሽልማት የሚጠራውም በዚያው ስም ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ወይም በግቢው ለወላጆችና ለጎረቤት ይታይ። ልጅቷ የሠራችውን የሰፈሯ ሰው ተሰብስቦ ሲያይላት፣ አስተያየቱንም ፊት ለፊት ሲነግራት፣ ይህ በማታውቀው ሰው «ላይክ» ከመደሰት እጅግ የተሻለ ነው። አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ። አያት ባለፈች ጊዜ ድምፅዋ በመደርደሪያው ላይ ይገኛል።

የሰው ታሪክ የራሱ ነው

ካሜራ ግን እንደ ቢላዋ ነው፤ አያያዙን ያላወቀ ሰውን ያቆስልበታል። ለዚህም ትልቅ ትምህርት የሚሰጠን «ድፍረት» የተባለው ፊልም ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በአርሲ ተጠልፋ ራሷን ለመከላከል ጠላፊዋን የገደለችውን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እውነተኛ ታሪክ መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2014 በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት ቀዳዳ ነበረ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል። ፊልሙ ያንን የጨለማ ዘመን ለወጣቱ ትውልድ አስታውሷል።

ይሁንና በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ በተዘጋጀበት ምሽት፣ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የክርክሩ ምክንያት ታሪኩ የማን ነው የሚለው ነበር። እገዳው ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ቢታይም ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። ለመልካም ዓላማ የተሠራ ፊልም እንኳ የባለታሪኳን ፈቃድና ክብር በሚመለከት ወደ ክርክር ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል።

ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ካሜራውን ለልጆቹ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ያስተምራቸው። አንደኛ፣ የሚቀረጸው ሰው ለምን እንደሚቀረጽና የት እንደሚታይ ተነግሮት ይፍቀድ፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ወላጁ ይፍቀድ። ሁለተኛ፣ ያለቀው ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት መጀመሪያ ለባለታሪኩ ይታይ፤ «ይህን አውጡልኝ» ካለ ይውጣለት። ሦስተኛ፣ የተደፈረች ወይም ያለዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ፊቷ፣ ስሟና ቤቷ አይታይ። ጥቃት እየደረሰባት ያለች ልጅ ካጋጠመቻቸው ካሜራውን ዘግተው ለመምህርት ወይም ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይንገሩ። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ ልጆቹ ይህን ማወቃቸው ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው። የሰው ዘፈን ያለፈቃድ ወስዶ በፊልም ውስጥ ማስገባትም የቅጂ መብትን የሚነካ መሆኑ አብሮ ይነገራቸው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ለሳምንቱ ሁለት ሰዓት አንድ ክፍል ይፍቀዱ፤ ለሴቶች ልጆችም ግማሹን ቦታ ይጠብቁላቸው፤ ካልተጠበቀላቸው ካሜራውን ወንዶቹ ይይዙትና ሴቶቹ ሲቀረጹ ይውላሉ። የአማርኛና የኦሮምኛ መምህራን የልጆቹን ጽሑፍ ይረሙ። በአካባቢው ሠርግ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ደግሞ ሙያቸውን በወር አንድ ቀን ቢያካፍሉ ከእነርሱ የሚጎድል ነገር የለም፤ ነገ የሚያግዛቸውን ረዳት ያገኙበታል። የወረዳው የሴቶችና የወጣቶች ጽሕፈት ቤቶችም የኮምፒውተርና የስልክ እጥረቱን በማቃለል ሊረዱ ይገባል።

ከወላጅ የሚጠበቀው ደግሞ ገንዘብ አይደለም። «ምን ሠራሽ? እስቲ አሳዪኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጅቷ ያሳየችው ፊልም የእናቷን እጅ፣ የአያቷን ሳቅ ወይም የጎረቤቷን ድካም ያሳይ ይሆናል። ያን ጊዜ እናት ልጇ ምን እንደምታይና ምን እንደምታስብ ታውቃለች። በየቤቱ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ይህን ካለማወቅ ስለሆነ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ የቤተ መጻሕፍቱ በር ቢከፈት አይበዛም።